ሁሉንም አክሲዮን ላይ ያዋልኩት ቀን

ሮይስ፣

ውሻው በልቷል። ቢለማመጥህ አትስማው።

ትናንት ሆስፒታል ለዓይኔ ቀዶ ሕክምና ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን፣ ከእኔ የሚጠበቀውን ሦስት ሺህ ዶላር ልከፍል፣ ከደመወዜ እየተቆረጠ የሚጠራቀምበትን የሕክምና ቁጠባ ካርዴን ብሰጥ አልሠራም። ጸሐፊዋ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጌታዬ፣ ገንዘብዎ አክሲዮን ላይ ነው፤ ካልሸጡት ካርዱ አያገኘውም" አለችኝ። ሸጥኩት። ገበያው ወርዶ ስድስት መቶ ዶላር ጎደለ፤ የቀረውም ካርዱ ላይ የሚገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ዶክተሩ ደግሞ፣ "እስከ ነገ ካልተሠራልህ ዓይንህ ይጠፋል" ብሎኛል።

ስለዚህ መኪናዬን ለጎረቤታችን ለዴልበርት በርካሽ ሸጥኩለት። ዛሬ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰኝም እሱ ነው፤ አድርሶኝ ግን ወደ ሥራው ይሄዳል።

ባለፈው ኅዳር የዚህ ቁጠባ ቅጽ ከመሥሪያ ቤቴ ሲመጣ፣ "ሦስቱን ሺህ በጥሬ ገንዘብ ተወው፣ የተረፈውን ብቻ አክሲዮን ግዛበት" ብለኸኝ ነበር።
ብለኸኛል፣ አልክድም።
ግን ቀጥለህ በእንግዶችህ ፊት፣ "ከዘጠነኛ ክፍል ለቀረ ሰው ይሄ እንዴት ይገባዋል?" ብለህ ሳቅክ። አባታችን አንተን ኮሌጅ ሲልክ ፋብሪካ የገባሁት እኔ ነኝ፣ ታናሼ። ያን ማታ አንተ እንደተኛህ ሁሉንም አክሲዮን ላይ አደረግሁት።

ሆስፒታሉ ወደ ቤት የሚመልሰውን ሰው ስም ያላስመዘገበ በሽተኛ አይነካም። ያንተን ሰጠሁ። ሌላ ስም አልነበረኝም።

በአራት ሰዓት ይደውሉልሃል፤ ካላነሳህ አይጀምሩም። እሺ በላቸው።
ልትመልሰኝ ስትመጣ ግን ስለ አክሲዮን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

ቨርን