የግቢዬ ዛፍና ሁለቱ ፈራሚዎቹ

እኔ በዚህ ሰፈር ልጅ አዋቂ ሳልል ፀጉር እየከረከምኩ የኖርኩ ፀጉር አስተካካይ፣ ዛሬ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት፣ በግቢዬ ዛፍ ሥር ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ያባበለኝም የለም። ቃሌን የሚጽፈው ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ነው። ምስክሮቼ መርፌ የምትወጋኝ ነርስና የማዶው ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለ ታክሲው ወንድ ልጄና ፋርማሲ የምትሠራው ሴት ልጄ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ይሰማሉ።

አንደኛ፣ ከመንገድ ወገን ያለው ቤት ለወንድ ልጄ ይሁን፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ለመኪናውም ማቆሚያ ያስፈልገዋል። የጓሮው ቤት ለሴት ልጄ ይሁን፤ እናቷን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመመችው እዚያ ነውና። መቀሶቼም የእርሷ ናቸው። ወንድሟ ትዕግሥት የለውም፤ አንድ ጊዜ የልጁን ፀጉር እኔ ልቁረጥ ብሎ ልጁ ሳምንት ሙሉ ኮፍያ አጥልቆ ትምህርት ቤት ሄዷል።

ሁለተኛ፣ የሱቄ ትልቁ መስታወት ለመምህሩ ይሁን። ዕድሜውን ሙሉ «የዛፍህ ቅጠል ጣራዬን ሞላው» እያለ ሲነዘንዘኝ ኖሯል፤ ሲነጫነጭ ፊቱ ምን እንደሚመስል ይየው። መምህሩ «ይኼንንም ልጻፍ?» አለኝ። ጻፍ እንጂ!

ሦስተኛ፣ የዛፉ ነገር።

ይህን ዛፍ ዛፍ ይሆናል ብሎ የተከለው የለም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ልታስርበት እርጥብ እንጨት ቸከለች፤ እንጨቱ ሥር ሰደደ። እኔም ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የምሠራው እዚሁ ጥላው ሥር ነበር። የመጀመሪያ መስታወቴን የሰቀልኩበትን ምስማር ግንዱ ውጦታል።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅርንጫፍ በነፋስ ተገንጥሎ የልጄን ታክሲ የፊት መስታወት አደቀቀው። ልጆቹ ከመኪናው ገና መውረዳቸው ነበር። ልጄ ፈራ፤ አልፈርድበትም። ማዘጋጃ ቤቱ ዝግ ነው ብሎ በበዓል ቀን ባለ መጋዝ ይዞ መጣ። እኅቱ ደግሞ «የእናቴን ዛፍ!» ብላ ግንዱ ላይ ተጠመጠመች፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ተረኛ ሠራተኛም ደወለች። ሰውየው መጥቶ ግንዱን ቢያቅፈው ጣቶቹ አልገናኝ አሉ። «አባባ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ዛፍ በገዛ ግቢዎም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይቆረጥም» ብሎኝ ባለ መጋዙን መለሰው። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ተኮራርፈዋል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። መነጋገሪያቸው እኔ ነኝ፦ «ለልጅህ ንገራት»፣ «ልጅህን ጠይቀው»። በስተርጅና ፖስታ ቤት ሆንኩ።

በቅርቡ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ያንኑ ሰው ደንቡን አስረዳኝ አልኩት። የግቢው ባለቤት ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉም አብረው፣ በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው አለኝ።

«ውክልናስ?»

«አንቀበልም።»

«ቅርንጫፍ ለመግረዝስ?»

«ለትልልቁ ቅርንጫፍ እንደዚያው ነው፣ አባባ።»

እየሳቅሁ ወጣሁ። ሰውየው ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

ስለዚህ ዛፉና የቆመበት ግቢ ከዛሬ ጀምሮ ሳይከፈል የሁለታችሁ ይሁን። ይቆረጥም አይቆረጥም አልልም። አንድ ላይ ሄዳችሁ፣ በአንድ መስኮት ፊት ቆማችሁ ፈርማችሁ፣ ከተፈቀደላችሁ ከሥሩም ብትነቅሉት ምርቃቴ አይለያችሁ። ምስማሩ በመንገዱ ወገን፣ በእኔ ትከሻ ልክ ነው፤ የመጋዙ ጥርስ እንዳይሰበር ለባለሙያው ንገሩት። ዛፉን እወደዋለሁ፤ በጥላው ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ። እናንተን ግን ከዛፉ አብልጬ እወዳችኋለሁ፤ ስትነጋገሩ ሳልሰማ መሄድ አልፈልግም።

እዚህ ላይ ወንድ ልጄ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አባባ፣ እስቲ ልጅህን ጠይቅልኝ፤ ለመግረዙ እንኳ ሰኞ ይመቻት እንደሆነ» አለ።

«በዚህ ወረቀት ላይ እኔ ሟች ነኝ» አልኩት። «ሟች ደግሞ መልእክት አያደርስም። ራስህ ጠይቃት።»

መምህሩ መጻፉን አቆመ። ልጄ ወደ እኅቱ ዞረ።

«ሰኞ ይመችሻል?»

«ጠዋት ከሆነ ይመቸኛል» አለችው። «መጥተህ ውሰደኝ።»

ይህ ቃላቸውም ከኑዛዜዬ ጋር እንዲጻፍ አዝዣለሁ። ከእንግዲህ የምጨምረው የለኝም።

ተናዛዥ፦ ፀጉር አስተካካዩ፣ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ምስክሮች፦ ነርሷ፣ እንባዋን ጠርጋ ፈርማለች። ልብስ ሰፊው ፈርሟል።

ጸሐፊ፦ መምህሩ። የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌያለሁ። ሰኞ ስትሄዱ በእኔ ጣራ በኩል ያለው ቅርንጫፍ እንዳይረሳ።