የግሩፑ ግዝት

ለቀድሞው ወዳጄ፣
ንፋስ መውጫ

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ በብርድ ወራት የሚነሣብህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይ? የንፋስ መውጫን ብርድ አውቀዋለሁና ጋቢ አያምርብኝም የምትለውን ነገር ተው። እኛ ወገዳዎች ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሰውም ከብቱም ደኅና ነን። ድምፃችን ብቻ ነው የጠፋው።

በወረቀት ስጽፍልህ አይግረምህ። በቴሌግራም እንዳልጽፍልህ፣ ከተለያየን ጀምሮ ብሎክ አድርጌሃለሁ፤ እርሱን ለማንሣት ደግሞ ገና አልወሰንኩም። የሚኒባስ ሹፌሩ አበባው በኪሱ ይዞልህ ይመጣል። ወሬ ስለሚወድ ፖስታውን በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። «ድልድያችን ይሠራ» የሚለውን ግሩፕ የማስተዳድረው እኔ መሆኔን ታውቃለህ። ፎቶ ኮፒው ሥራ ሲቀዘቅዝ ሱቄ ቁጭ ብዬ ስልኬን እከፍታለሁ። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሆነናል። ተቋራጩ ማሽን ያመጣው እንኳ፣ አምና ወንዙ ሞልቶ ምጥ የያዛት ሴት ማዶ ቀርታ ስታድር የተነሣውን ቪዲዮ ስለለጠፍን ነው።

እንግዲህ «ዝም አልልም» የሚል ስም ያወጣ፣ የአንበሳ ፎቶ የለጠፈ ሰው ገባልን። መጀመሪያ ስለ ድልድዩ ጻፈ፤ መልካም። ቀጥሎ ስለ እኔ ጻፈ። ድልድዩ የዘገየው አድሚኗ ከተቋራጩ ጋር ማኪያቶ ስለምትጠጣ ነው አለ። አጠፋሁት። መልሶ ለጠፈው። አሁንም አጠፋሁት። አፋችን ታፈነ፣ ሐሳብን የመግለጽ መብት ተረገጠ ብሎ ጮኸ፤ ግማሹ ሰው አጨበጨበለት። ሁለተኛው አድሚን መምህር ዳኛቸው ሳይቀር፣ ስድብም ቢሆን ሐሳብ ነው፣ ማጥፋት አምባገነንነት ነው ብሎ ሕገ መንግሥት ጠቀሰብኝ። በማግስቱ ሰውዬው የዳኛቸውን ራሰ በራ አነሣ። ዳኛቸው ከክፍል ወጥቶ እየሮጠ መጣና፣ ይኼ እንኳ ሐሳብ አይደለም፣ ቶሎ አጥፊው አለኝ።

እየሳቅሁ የምጽፍ ይመስልህ ይሆናል። አባቴ የማኪያቶውን ወሬ ገበያ መሃል ሰምቶ እህል ሳይቀምስ አደረ። እኔም አለቀስኩ። ይህን እወቅልኝ።

በዚህ መሃል የንስሐ አባታችን ቄስ አለበል ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ሱቄ መጡና የሆነውን ነገርኳቸው። ታውቃቸዋለህ፤ በደብሩ ቅጥር ግቢ ሰው ሲሰዳደብ መስቀላቸውን አውጥተው ሁሉንም ይገዝታሉ። ጉባኤው ጸጥ ይላል፤ ጥፋተኛው ዓይን ሲበዛበት ያፍርና ተነሥቶ እግራቸው ላይ ይወድቃል፤ ግዝቱን ይፈቱና ሁሉም ወደ ጠላው ይሄዳል። ይኸንኑ በድምፅ ላኪልኝ አሉኝ። ስልኩን አፋቸው ዘንድ ያዝኩላቸው። ባለጌው ወጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ በዚህ ግሩፕ አንዳች ነገር የጻፈ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን አሉ። ላክሁት።

ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ጥፋተኛው ግን ከየት ይነሣ? ማንም የተቀመጠበትን አያየውም፤ ዓይንም አይበዛበትም። ይህን እሳቸውም እኔም አላሰብነውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉድ ስማ። እማማ ታንጉ ላማቸው ጠፍታ ፎቶዋን ግሩፑ ላይ መለጠፍ ስለፈሩ፣ ስልካቸውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ አሳዩ። የአውራ ጣት ምልክት ብቻ መላክስ ይፈቀዳል ወይ ተብለው ቄስ አለበል ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ጣትም ይናገራል ብለው ከለከሉ። መምህር ዳኛቸው፣ የመናገር ነፃነት ሞተ ብሎ በትልቅ ወረቀት ጽፎ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሰዉ እየመጣ ከሥሩ በእስክሪብቶ አውራ ጣት ይሥልበታል። ትናንት አንዱ ራሰ በራ ሥሎበት ሄደ። አሁን ደግሞ የሚሣለውን ላጠፋ ኖራ ይዤ ግድግዳ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

የማያስቀው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተቋራጩ ዝምታችንን አይቶ፣ ሕዝቡ ረክቷል፣ ቅዳሜ ማሽኔን ጭኜ እሄዳለሁ ብሏል። ግዝቱን ይፍቱልን ብለን ቄስ አለበልን ብንለምናቸው፣ ጥፋተኛው ሳይመጣ ብፈታ መስቀሌ መቀለጃ ይሆናል ብለው እምቢ አሉ። ዝናቡ ከገባ ደግሞ ያው ነው፤ ዘንድሮም ማዶ የምታድር ሴት አትጠፋም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያ ባለ አንበሳው ሰውዬ የሚኖረው ንፋስ መውጫ ነው። እንዴት አወቅሽ አትበለኝ። ከጻፋቸው አንዱን ብቻ ሳላጠፋ አስቀምጬዋለሁ። ሱቋን ቆልፋ ከሄደች በኋላ ከባጃጅ መቆሚያው ተመልሳ ቁልፉን የምትነቀንቅ ሴት ግሩፕ ማስተዳደር የለባትም ይላል። ይህን የሚያውቀው ምሽት ምሽት እስከ መቆሚያው አብሮኝ ይሄድ የነበረ ሰው ነው። ከሥሩ ደግሞ፣ ቀዩ ሻርፕ ግን ያምርባታል ብሎ ጨምሯል። ስድብ አልቆበት መሰለኝ።

ከተማው ትንሽ ነውና ሳታገኘው አትቀርም። ስታገኘው ንገረው። አንዲት ሴት ብሎክ ስላደረገችው ተናዶ በሁለት ሺህ ሰው ፊት ስሟን ማጥፋት የመናገር ነፃነት አይባልም በለው። አባቴ ፊት ቀርቦ መናገር በሚገባው ጊዜ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ለከርሞ ለከርሞ እያለ ምላሱ የተሳሰረው እርሱ ራሱ ነው። በዚያ አሁንም ተቀይሜዋለሁ።

ከቅዳሜ በፊት ይምጣ። ቄስ አለበል እግር ላይ ይውደቅ። የማኪያቶው ነገር ውሸት መሆኑን አንበሳውን አውርዶ፣ በገዛ ስሙና በገዛ ፎቶው ግሩፑ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ሽማግሌ ይዞ አባቴ ዘንድ ይግባ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ከሆኑ፣ ለይቅርታ ነው ብሎ አባቴ ይቀበላቸዋል። ሦስት ሆነው ከመጡ ግን ሌላም ጉዳይ እንዳለ ይገባውና፣ እኔን ጓዳ ግቢ ይለኛል። አልገባም። እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።

እናትህን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። እመቤቴ ከክፉ ነገር ትጠብቅህ፤ ወንዙ ሳይሞላ በደኅና ታሻግርህ።

የቀድሞ ወዳጅህ፣
ወገዳ