አርፌያለሁ እንጂ አላረፍኩም

ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው፤ ጫማዬን ራሴ አስራለሁ፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ በእግሬ እወጣለሁ፣ ረጅሙን ዜማ በአንድ ትንፋሽ በዋሽንቴ እጨርሳለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤው ከመቃብር የመጣ መስሎሽ እንዳትደነግጪ ነው፣ እህቴ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ቻለልሽ? በለቅሶው የተዘጋው ድምፅሽ ተከፈተ ወይ? ልጄና ምራቴስ ደህና ናቸው? ሕፃናቱስ? ጎረቤቶቻችንስ አፍረው ተደብቀዋል ወይስ ገና ይስቃሉ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እንዲያውም ከሞትኩ ወዲህ እህል ይጣፍጠኛል።

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ በስልክ አልገባኝም ብለሻልና ከሥሩ ልንገርሽ። የባንዳችንን ሦስተኛ ትርዒት ጨርሰን ወደዚህ ከተማ ስንገባ እስከ መጨረሻው ትርዒት ድረስ ጥቂት ባዶ ቀናት ነበሩን። ማናጀራችን ደግ ልጅ ነው፤ ቤተሰብ እንዳያስብ ብሎ ለልጄ ደወለና አባትህ በሰላም ገብተው ጥሩ ሆቴል አርፈዋል አለው። መስመሩ ተቆራረጠና ልጄ የሰማው «አባትህ» እና «አርፈዋል» የሚሉትን ብቻ ሆነ። መልሶ ቢደውል የማናጀሩ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የመጀመሪያውን ጩኸት የለቀቅሽው አንቺ ነሽ አሉ። እኔ ያን ሰዓት ካልሲዬን አጥቤ የክፍሌ ማሞቂያ ላይ እያሰጣሁ ነበር።

በማግስቱ እንደምን አደራችሁ ልል ስደውል ልጄ አነሳው። ማን ልበል አለኝ፤ አባትህ ነኝ አልኩት። ሰውዬ፣ ሐዘን ቤት እየደወሉ አይቀለድም ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሁለተኛ ደውዬ ስድቤን ሳወርድበት ነው አባቱ መሆኔን ያመነው። በስድቡ ከሞት የተነሳ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሳቅ ነው። ያላሳቀኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጄ ማናጀሩን፣ አንድ ጊዜ አልቅሰናል፣ ሁለተኛ አታስለቅሱን፣ ሽማግሌውን መድረክ ላይ አታውጡብን ብሎ ለመነው። አንቺም ከጎኑ ሆነሽ ይረፍ በሉት ማለትሽን ሰምቻለሁ። ማናጀሩ ክፍሌ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ አባባ፣ የመጨረሻው ትርዒት ከባድ ነው፣ እርስዎ ይረፉ፣ የዋሽንቱን ድምፅ ኦርጋን ተጫዋቹ ከማሽኑ ያወጣዋል አለኝ። ይረፉ። ከዚህ ቃል ጋር ምን እንዳጣላኝ እንጃ። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ለዚያች ለመጨረሻዋ ምሽት ነበር፤ ትንፋሼ በማሽን ከተተካ ደግሞ ያ ሁሉ ለቅሶ ልክ ነበር ማለት ነው። ዋሽንቴን አንስቼ መወልወል ጀመርኩ። እሱም ይህን እሺታ አድርጎ ይዞት ሄደ።

በባዶ ቀናችን የባንዱ ልጆች እስከ ቀትር ይተኛሉ። ዘፋኟ ጉሮሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ ከማንም ጋር አትነጋገርም፤ ድምፅ ማጠራቀሟ ነው። ከበሮ መቺው የማይገዛውን ጫማ ሲለካ ይውላል። እኔ ክፍል ውስጥ መንፋት ክልክል ነው ስለተባልኩ ዋሽንቴን ከኮቴ ሥር በብብቴ ይዤ እወጣለሁ። የሰው አገር ፊደል ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው፣ የመንገድ ስም አላነብም። ስለዚህ የራሴን ምልክት ያዝኩ፤ ቀይ ወንበር ያለው ፀጉር ቤት፣ ቀጥሎ በመስኮቱ እንፋሎት የሚተፋው ላውንደሪ፣ ቀጥሎ ድልድይ። ድልድዩ ሥር ስነፋ ድንጋዩ እየተቀበለ ይመልስልኛል፤ እንደ እሱ ያለ ተቀባይ አላገኘሁም። ከድልድዩ ማዶ የትርዒቱ አዳራሽ አለ። የጓሮ በሩ ዘበኛ በየቀኑ ሳልፍ ሲያየኝ ለመደኝ፤ ቋንቋ የለንም፣ እሱ ግንባሩን ይነካል፣ እኔም ግንባሬን እነካለሁ።

የትርዒቱ ዕለት ሚኒባሷ ትታኝ ሄደች። ለእኔ አስበው ነው፤ እንዳልነቃ ብለው በሬን በእግር ጣታቸው ነበር ያለፉት፤ እኔ ግን ሱፌን ለብሼ አልጋው ላይ ተቀምጬ ኮቴያቸውን እሰማ ነበር። ሲርቁ ተነሳሁ። ፀጉር ቤቱን፣ ላውንደሪውን፣ ድልድዩን አለፍኩ። ዘበኛው ግንባሩን ነካና በሩን ከፈተልኝ።

ማናጀሩ ሲያየኝ የያዘው ቡና ሱሪው ላይ ፈሰሰ። አባባ፣ በምን መጡ አለኝ። ዘንድሮ ሙታን በእግራቸው ይሄዳሉ አልኩት። እኔ አላወጣዎትም፣ ለልጅዎ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ያን ጊዜ ዘፋኟ ሻርፗን ፈታችና፣ እኔ የምተነፍሰው እሳቸው ሲተነፍሱ ነው፣ ማሽን መቼ ይተነፍሳል? እሳቸው ከሌሉ ሂድና አንተው ዝፈን አለችው። ኦርጋን ተጫዋቹም፣ እኔስ ብሆን ያለኝ ሁለት እጅ ነው ብሎ አገዘኝ። ማናጀሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየና ወንበር አስመጣልኝ። ወንበሩን መለስኩት።

ቆሜ ነፋሁ፣ እህቴ። አዳራሹ መርፌ መጣያ የለውም። ረጅሙን ዜማ ይዤ ስሄድ ሕዝቡ ከእኔ ጋር ትንፋሹን ይዞ ተከተለኝ፤ ቀድሞኝ የለቀቀ አልነበረም። ስጨርስ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። በቋንቋቸው ጮኹ፤ ይደገም ማለታቸው እንደሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ደገምኩ። ስወርድ ማናጀሩ መጋረጃው ኋላ እንባውን እየጠረገ፣ አባባ፣ እርስዎን የሚያሳርፍ ገና አልተወለደም አለኝ። ይህን ለልጄ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

እንግዲህ ለቅሶ ብድር ነው፤ ስመጣ ራሴ እመልሰዋለሁ፣ ማንም አይመልስልኝ። ልጄን ሳሚልኝ፤ ከሥራው ቀርቶ አልቅሶልኛልና የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ወጥቼ አብሬው እመታለሁ፣ መሰላሉን እንዳትደብቂብኝ። ምራቴን ሰላም በይልኝ፤ የሐዘን ጥቁር ልብሷን ራሴ አውልቄ እጥላለሁ ብዬ አላሳፍራትም፣ ደማቅ ቀሚስ ግን በእጄ አመጣላታለሁ። ሕፃናቱን ሳሚልኝ፤ ትልቁ በዚያው ሌሊት አልጋዬን ወርሷል አሉ፣ የእሱን ዕዳ ግን ራሱ ይክፈል፣ ይልቀቅ። ሬሳዬ ሳይመጣ አካፋ ይዞ የደረሰውን ጎረቤታችንን አናጢውን አመስግኝልኝ፤ በዚያው አካፋ ጓሮውን እቆፍርለታለሁ። አንቺ ፀጉርሽን ተቆርጠሻል አሉኝ፤ እስኪያድግ ድረስ ማታ ማታ እነፋልሻለሁ፣ በቃኝ ብትዪም አላቆምም።

ከባለቤቴ መቃብር ጎን ያለውን ቦታ ደግሞ አስጠርጋችሁልኝ ነበር አሉ። እዚያ እንደምተኛ ቃል ሰጥቻታለሁ፣ አልካድኳትም። እሱንም ቀኑ ሲደርስ ራሴ እከፍለዋለሁ።

ከሰው አገር፣ ከሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፱ ቀን