ቢጫው ሽቦ

ጥቅምት 27፣ ጠዋት

ከመድኃኔ ዓለም ተመለስኩ። ነጠላዬን እንኳ አላጠፍኩም። ቴሌቪዥኑ ዛሬም ጨርቅ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ልጄ ሕይወት መንገድ ሲከፈት ከባሕር ዳር የላከችልኝ ነው። እሷ አዲስ ገዛች፣ አሮጌው ለእናት መጣ። ደግ ልጅ። ግን ምን ልይበት? ዜና አልወድም።

የማየው አጥቼ አይደለም፤ ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። የአያሌው ዲስኮች አሉ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ አናጺ ነበር፤ በገና ካልሰማ መላጊያው አይሄድለትም። ሲሞት ማጫወቻውን ወንድሙ ወሰደው፣ ዲስኮቹ ሳጥኔ ውስጥ ቀሩ። ከሥራቸው አንድ ሌላ አለ። የለቅሶው ፊልም። ያልደረሱ ዘመዶች ይዩት ተብሎ የተቀረጸ። ሁሉም አይቶታል። እኔ ብቻ አላየሁትም። የማይበት ቴሌቪዥን የለኝም እል ነበር። ይህን ሰበቤን ቴሌቪዥኑ ወሰደብኝ።

ማጫወቻ ልገዛ ነው። በገናውንም ፊልሙንም የሚያጫውት።

ጥቅምት 29

የሺ መጣች። ሽሮ እየነፋሁ ነበር፤ ወንፊቱን ተቀበለችኝ። የሺ አበልጄ ናት፣ ሕይወትን ክርስትና ያነሳች። ያለ እሷ ምንም ገዝቼ አላውቅም።

ሐሳቤን ነገርኳት። ሳቀች። በዚህ ዕድሜሽ ፊልም? ምነው አበልጄ፣ ልታገቢ ነው እንዴ? እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ደጋገመችው። ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ትንሽዬ አለ፣ እሱ ይበቃሻል፣ ፊልም ዓይን ይጨርሳል፣ አንቺ ደግሞ ዓይንሽን በንባብ ጨርሰሽዋል። ስለ ዓይኔ ማሰቧ ደስ አለኝ።

ኅዳር 2

ገበያ ዋልን። ሱቁ የጀማል ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። ዲስክ ስለው ተገረመ። እማማ፣ አሁን እኮ ሁሉም በፍላሽ ነው፣ ዲስክ የሚጠይቀኝ እርስዎና አንድ መሪጌታ ብቻ ናችሁ አለኝ። ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት አወረደ። አቧራቸውን እፍ አለ። አንዱ ትንሽ፣ ድምፅ ማጉያው ከራሱ ጋር፣ ዘፈን ብቻ። ሌላው ጠፍጣፋ ዲቪዲ ዴክ፣ ሁለቱንም የሚያጫውት፤ ግን የራሱ ድምፅ የለውም፣ በቴሌቪዥን በኩል ነው የሚናገረው። ጀማል አልዋሸኝም። ለጆሮ ትንሹ፣ ለዓይን ጠፍጣፋው አለ።

ዲስኮቼን ይዤ ነበር፤ ይሞክርልኝ ብዬ። በገናውን ትንሹ ላይ አስገባ። ሱቁ በድምፁ ሞላ። የአያሌው መላጊያ የሸተተኝ መሰለኝ። ቀጥሎ ፊልሙን ለማየት እጁን ሲዘረጋ የሺ ከእጄ ነጠቀችው። የሰው ለቅሶ ገበያ መሀል አይከፈትም፣ ገበያተኛው ላይ ሟርት ልታመጪ ነው? ድምፅዋ ከፍ አለ። ሰው ዞሮ አየን። ጀማልም አንገቱን ደፋ። እውነቷን ነው፤ እኔም ይህን ሳላስብ መምጣቴ አሳፈረኝ።

ትንሹን ገዛሁ። ጀማል እስከ ሚካኤል ካልተስማማዎት መልሰው ይለውጡ አለኝ። የሺ አትለውጥም ብላ መለሰችለት። በእኔ ፈንታ።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት

በገና ስሰማ ዋልኩ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ታዲያ ለምን ሳለቅስ ዋልኩ?

አንተ ምክንያቱን ታውቃለህ። ጽፌልህ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ አልቀድም። አያሌው ታሞ ተኝቶ ውኃ አለኝ። እኔ ጓዳ ውስጥ መጽሐፍ ይዣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀትና ከሕይወት የተቀደደ መማሪያ። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደ ረኃብተኛ ነው፣ ከገጽ አይነሳም። መጣሁ አልኩት። ገጹን ልጨርስ። ደግሞ ጠራኝ። መጣሁ አልኩት። ኩባያውን ይዤ ስገባ አልፏል።

ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ለየሺ። የዚያኑ ዕለት፣ ከቀብሩ በፊት። ራሴን ደረቷ ላይ አድርጋ ይህ ነገር ከእኔና ካንቺ ጋር ይቀበራል አለችኝ። ያን ቃል ይዤ ነው እስከ ዛሬ የቆምኩት።

ኅዳር 7

ፊልሙን ትንሹ ማጫወቻ ውስጥ አስገባሁት። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። አንዴ ዞረና ቆመ። አላውቀውም አለኝ።

ምን ፈልጌ ነው? ፊቱን። ሬሳው ሲወጣ ራሴን ስቼ ወድቄ ነበርና ወደ ውስጥ አስገብተው ውኃ ሲረጩብኝ ነበር። ሕዝቡ እንዴት እንደሸኘው አላየሁም። በፊልሙ መጀመሪያ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው ይዞራሉ ይባላል። እሱን ብቻ አይቼ እዘጋዋለሁ። ይቅርታ ልለው ነው። ሰው ፊት ሳያይ ይቅርታ ይላል?

ለየሺ ሳልነግር ወደ ጀማል ሄድኩ። አበልጅዎ ይቆጡኛል ብሎ ሳቀና ለወጠልኝ። ሽቦዎቹን አሳየኝ። ቀይና ነጩ ለድምፅ፣ ቢጫው ለምስል። እማማ ቢጫውን ከሳቱ ዕውር ይሆንብዎታል አለኝ።

ኅዳር 9፣ 4 ሰዓት

ሰካሁት። በገናው በቴሌቪዥኑ ሲወጣ ቀጠነ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ። ይሁን። ፊልሙን አስገባሁ። ድምፅ መጣ። ምስል የለም። ጥቁር።

ጩኸት። የጥሩንባ ድምፅ። ከዚያ አልቃሿ። ከደምበጫ በኩል የመጣች ናት ብለውኝ ነበር፤ እኛን የማታውቅ። ድምፅዋ ያምራል። ስለ እጁ ሙያ አለቀሰች። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ በር። ለድሃ ሬሳ ሣጥን በነፃ ስለ መሥራቱ። እያለቀስኩ አዎ፣ አዎ እላለሁ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

ውኃ ውኃ ቢላት እያቃሰተ፣
ገጽ እየገለጠች ጋሻዬ ሞተ።

ሕዝቡ ወይኔ አለ።

መልሼ ሰማሁት። ደግሞ መልሼ። መብራት ሄደ።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት

መብራት መጣ። 

መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ሰበብ ስፈልግ ነበር። የደምበጫ አልቃሽ በምን አወቀች? ጎረቤት በግድግዳ ሰምቶ ይሆናል። ቄሱ ይሆኑ ይሆናል፤ ግን ለእሳቸው ከቶ አልተናገርኩም። ስንቱን ሰው በልቤ ከሰስኩ። የሺን ብቻ አልከሰስኩም።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኬ አየሁ። ቢጫውን ሽቦ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼዋለሁ። ነቅዬ ቦታው መለስኩት። ግቢዬ መጣ። ድንኳኑ። የአያሌው ፎቶ፣ እየሳቀ። ይቅርታ ልለው የነበረውን ረሳሁት።

አልቃሽ ስትመጣ ወጉን ታውቃለህ፤ ሟቹን አታውቀውምና ከቤተሰቡ አንዱ ጠጋ ብሎ ሙያውን ይነግራታል፣ እሷ በግጥም ትመልሰዋለች። አልቃሿ ጎንበስ አለች። ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ጆሮዋ ሥር ገባች። አፏን በእጇ ጋርዳ አወራች። ረጅም ጊዜ። ቀና ስትል የሺ ናት።

በድምፅ ብቻ ቢሆን ማን እንደነገራት እስክሞት አላውቅም ነበር።

ከግጥሙ በኋላ ያለውን አየሁ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሁሉም ወደ ቤቴ በር ዞሩ። እኔ ወድቄ ወዳለሁበት። የማኅበሬ ሴቶች። ፊታቸውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ኅዳር 10

አልበላሁም። የሚመጣልኝ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። በጽዋ ማኅበር ካህኑ ሲዘገዩ ድርሳኑን ላንብብ ስል ሴቶቹ መሬት መሬት የሚያዩት። የሺ ተዪው፣ ዓይንሽ ይደክማል የምትለው። እኔ ደግሞ ያልተማሩ ስለሆኑ አፍረው ነው እል ነበር። ኮርቼባቸው ነበር። እግዚኦ።

በገበያው ለገበያተኛው ያሰበች መስሎኝ አፈርኩ። ለዓይኔ ያሰበች መስሎኝ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት እንባዬን ስትጠርግ የራሷን አፍ ነበር የምትጠርገው?

ምናልባት ለእሱ አዝና ነው። ምናልባት ውኃ ሳይጠጣ መሞቱ አንገብግቧት ሊሆን ይችላል። ታዲያ እኔን አትቆጣኝም? ፊቴ ላይ ብትተፋ እችለው ነበር።

ኅዳር 11

የሺ ደወለች። ነገ የሚካኤል ጽዋ የአንቺ ተራ ነውና ቀድሜ መጥቼ ጠላውን አጠልልልሻለሁ አለች። ትንሹ ነገርሽ እንዴት ነው፣ ይዘፍናል? አለችኝ። አዎ አልኳት፣ በደንብ ይናገራል።

ጀማል ለመለወጥ የሰጠኝ ቀን ነገ ያልቃል። ዴኩን ልመልሰው? በገናዬን ልስማ፣ ፊልሙን ሳጥን ልመልሰው፣ ከአበልጄ ጋር ላርጅ? ከእሷ ሌላ ማን አለኝ። ጠፍጣፋውን ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። አወጣሁት። ደግሞ ከተትኩት።

ኅዳር 12፣ ማለዳ

አወጣሁት። አልመልሰውም።

ውኃው የእኔ ነው። አልክድም፤ እስክሞት እሸከመዋለሁ። አፉ ግን የእሷ ነው። የእሷንም ለእሷ ብሸከምላት ለሁለታችንም አይበጅ። በሴቶቹ ፊት አላደርገውም፣ እሷ እኔን እንዳደረገችኝ አላደርጋትም። ብቻዋን አስቀምጣታለሁ። ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ፊት አድርጌላታለሁ። ፊልሙ ገብቷል። ቀዩ፣ ነጩ፣ ቢጫው፤ ሁሉም ቦታ ቦታቸው ናቸው።

በሩ ተመታ። አበልጄ ክፈቺ እንጂ፣ ድፎውን ተሸክሜ እጄ ተቃጠለ ትላለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነው። ይህ ነው የከፋኝ።

ቢጫውን ሽቦ አልነቅልም። መጣሁ አልኳት። ዛሬ ገጹን ሳልጨር—