ካርቱናችንን ወስደው ቢላ ለሰጡን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ሚስተር ላይል ፕሬንቲስ፣
የሸለቆው ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይም የማይቋረጥ የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍ እመኛለሁ። እኔ በኦክ ቤንድ ከተማ፣ በወንዝ ዳር መንገድ የምኖር ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ዕድሜ ለቅዳሜ ካርቱንና ከፊቱ ተቀምጠው ለሚበሉት ስኳር የተለወሰ ኮርንፍሌክስ፣ ቤቴን የሠራሁት በዚህች ከተማ ልጆች የተቦረቦረ ጥርስ ነው። ስለዚህ ካርቱኑ ሲቀር ጥርስ ተረፈ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ምክንያቴን ለእርስዎ በትሕትና ጽፌ፣ ግልባጩን ለከተማችን ጋዜጣ ሰጥቻለሁ።

፩. ጣቢያዎ ካለፈው መስከረም ጀምሮ የቅዳሜን ካርቱን በሙሉ አንስቶ በቦታው ቢላ የሚሸጥ ሰውዬ ስላስቀመጠልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሰውየው የጫማ ሶል በቢላው ለሁለት ከሰነጠቀ በኋላ በዚያው ቢላ ቲማቲም ይከትፋል፤ ጥርሱም በጣም ያምራል። ከንጋት እስከ ረፋድ ይህንኑ ሲደጋግም ግን የሰባት ዓመት ልጅ ቁጭ ብላ የምታየው አይመስለኝም።

፪. ስልክ ስደውል ያነጋገረችኝ ጸሐፊዎ ምስጋና ይድረሳት። «ውይ ዶክተር፣ የዛሬ ልጅ እኮ የፈለገውን በስልክ ያያል፤ ማን ቅዳሜን ይጠብቃል?» አለችኝ። ይሁንና ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቼ ሮይ ኮቫክና ባለቤቱ ስልክ የልጅ አእምሮ ያበላሻል ብለው ስለሚያምኑ፣ አርብ ማታ ስልኮቻቸውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋሉ። ቴሌቪዥኑን ግን ያምኑታል። እንዴት አያምኑት? እነሱንም ያሳደጋቸው እሱ ነው።

፫. ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ቅዳሜ ጠዋት ወላጅ አይነሳም። ልጆች በሌሊት ልብሳቸው ከፎቅ ወርደው፣ ኮርንፍሌክሱን ራሳቸው ቀድተው፣ የወተቱን ግማሽ ምንጣፍ ላይ አፍስሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ፤ ወላጅም ድምፁን ከላይ እየሰማ ተገላብጦ ይተኛል። ይህን ሕግ ያወጀው የለም፤ ሁላችንም ግን በዚሁ አድገን በዚሁ አሳድገናል። እርስዎ ካርቱኑን ሲያነሱት ልጆቹ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዐወቁ። ወላጆቹን ግን የቀሰቀሳቸው የለም፤ ድምፁ አልተቋረጠማ።

በጥር ወር ከኮቫክ ጓሮ ወደ ወንዙ የሚወርዱ የሁለት ልጆች ዱካዎች በረዶው ላይ አየሁ። ከሮይ ሁለት ልጆች ትልቋን ዴልያን ስጠይቃት «የቢላው ሰውዬ ሰለቸን። እርስዎ ቤት ካርቱን አለ እንዴ?» አለችኝ። የለም አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዱካው ዳር ላይ አልቆመም፤ ውሃው በረዶ ሆኖ በጠጠረው ወንዝ ላይ ቀጠለ። ለአባቷ ስነግረው የሌላ ሰፈር ልጆች ዱካ ነው ብሎ ሳቀ። «ኧረ ዶክተር፣ ምን ያስጨንቅዎታል! ቅዳሜ ጠዋት አይደል? እነሱ ካርቱናቸው ላይ ናቸው።»

አሁን መጋቢት ነው፤ በረዶው እየሳሳ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ የወንዙ በረዶ ሲሰነጠቅ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ረጅም ድምፅ ነው፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ መጠቅለል አልቻልኩም።

ስለ ቲማቲሙ የነበረኝን አራተኛ ቅሬታ ትቼዋለሁ። ካርቱኑን መመለስ ካልተቻለ፣ ቢላ ሻጩ በየመሃሉ ጮክ ብሎ «እናንተ ፎቅ ላይ ያላችሁ፣ ተነሱ!» እንዲልልን ብቻ እለምናለሁ።

ቢላዎ እንደተሳለ፣ እንቅልፍዎ እንደሰመረ ይቆይ እያልኩ፣ ከደጃፍዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ ታማኝ ተመልካችዎ፣
ዶክተር ቨርነን ስታድለር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከከተትኩ በኋላ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንዙ ላይ ከስንጥቁ አጠገብ አንዲት የቤት ውስጥ ጫማ አገኘሁ፤ ሮዝ ናት፣ የጥንቸል ጆሮ አላት። የኮቫክን በር ስደበድብ ሮይ ዓይኑን እያሸ ወጣና ገና ምንም ሳልናገር «ካርቱን እያዩ ነው» አለኝ። ከጀርባው ቢላ ሻጩ ይሰማል። ሁለቱን ልጆች ጓሮ በር ሥር ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ አገኘናቸው፤ የዴልያ ሱሪ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ሮይ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከእንግዲህ ቅዳሜ እንደማይተኛ ነግሮኛል፤ በመንገዳችን ግን መጋረጃቸው እስከ ረፋድ የማይገለጥ ቤቶች ብዙ ናቸው። ጫማዋን ለዴልያ መመለስ ነበረብኝ፤ አስፈቅጃት ለእርስዎ ልኬያታለሁ፤ ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሯት። ሌላኛዋ ጫማ እስካሁን ከባለቤቷ ከዴልያ ጋር ናት።