«እግር!» ለማለት የአሥር ቀን ማስታወቂያ

ለክቡር የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይ ደግሞ ጣቶችዎ ደህና ናቸው? እኛ፣ ኢኮኖሚው ታሞ መድኃኒቱን እኛ እየዋጥንለት፣ ደህና ነን። «ችግሩ እስኪያልፍ ሁላችንም እንታገሥ» ብለው በቴሌቪዥን ሲናገሩ የጎረቤቴ ልብ ተነክቶ «ውይ ሲያሳዝኑ፣ እሳቸውም እኮ ከስተዋል» አለችኝ። ቴሌቪዥኗ ሰው እንደሚያቀጥን ልነግራት አልጨከንኩም።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. የሠራተኛ ማኅበርን ስላልከለከሉ አመሰግናለሁ። ማኅበሩማ አለ፤ የሚሰበሰበው አሠሪው ሲፈቅድለት፣ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ አማች እንኳ አጋጥሞኝ አያውቅም።

፪. ሥራ ለማቆም የአሥር ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጥ ብለው ስለደነገጉ አመሰግናለሁ። ይህችን እንኳ በደንብ ላጫውትዎ። የእህቴ ልጅ በምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ የአንዷ ጣት መርፌ ሥር የገባ እንደሆነ፣ ድንጋጤው እግሯን ፔዳሉ ላይ ያደርቀዋል፤ የስፌት መኪናውም መውጋቱን ይቀጥላል። ያኔ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ከድምፅዋ የተነሣ «ሳይረን» የሚሏት ሴትዮ፣ «እግር!» ብላ ትጮኻለች። ሁሉም እግራቸውን ከፔዳል ያነሣሉ፤ አዳራሹ ጸጥ ሲል የተወጋችውም ትሰማና እግሯን ታነሣለች። ሕግዎ በወጣ ሰሞን ሳይረን እንደ ልማዷ ጮኸች። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ማስታወቂያው የታለ?» ቢላት፣ «አንተዬ፣ መርፌው መቼ አስታወቀን?» አለችው። ዕለቱን በሕገወጥ የሥራ ማቆም ተባረረች።

፫. ስለ ሥራው አለመቋረጥ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ተራው ለእህቴ ልጅ ደረሰ። አንድም ሰው አልጮኸም። ከጎኗ የምትሰፋው፣ ገና የምታጠባው ልጅ ያላት ጓደኛዋ፣ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ጨርቋ ላይ አቀረቀረች። እኔ አልፈርድባትም፤ እርስዎ አስቀድመው ፈርደውባታል። መርፌው ደጋግሞ ወግቶ ወግቶ ተሰበረ። ሐኪሙ ጣቷን ከአንጓው ቆረጠው። ቤት ስትመጣ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «አክስቴ፣ ሕመሙን እችለው ነበር። ‹እግር› የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነው የቆየሁት።»

፬. አራተኛ ምስጋና ነበረኝ፤ ከዚህ በኋላ ግን እጄ አልጽፍም አለኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይረንን ወደ ቦታዋ ይመልሱልን። ኢኮኖሚውን አትጎዳም፤ የምትናገረው እኮ አንዲት ቃል ናት።

ያችን ሕግ የፈረመች እጅዎ ከነሙሉ ጣቶቿ ትሰንብትልዎ ብዬ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

አሥር ቀን ቀድማ ማልቀስ ያልቻለችው አክስት

ማሳሰቢያ፦ ባለፋብሪካው ስለ ሕጉ ውለታ በስጦታ ያሰፋልዎት ኮት ነገ ይደርስዎታል። የእህቴ ልጅ ጣቷን የተወጋች ዕለት ትሰፋ የነበረው የዚህኑ ኮት የግራ እጅጌ ነው። የተሰበረውን የመርፌ ጫፍ ሐኪሙ ከጣቷ ውስጥ ፈልጎ አላገኘውም። እጅዎን ሲያስገቡ ቀስ ይበሉ፤ ቢወጋዎ የምትጮኽልዎትን ሴት አባረዋታል።