«እርባታ» ብዬ የጻፍኩት ጋጣ

እሑድ

ሐሙስ ይመጣሉ። የመሬት ቢሮው ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሰላምታና ማኅተም ነው። ወንድሜ በክሪ ካርቲየ 5 ሰፈር ወዳለችው የትርጉምና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ይዞት መጥቶ ቆሞ አስነበበኝ። አምቡሊ ያለው የፈረስ ጋጣው ለእርሻ በተከለለ መሬት ላይ ነው። እዚያ የሚፈቀደው አትክልት መትከልና እንስሳ ማርባት ብቻ ነው። አሁን ፈረሶቹ ይረቡ እንደሆነ መጥተው ሊያዩ ነው።

አይረቡም። ይከራያሉ። አርብና ቅዳሜ የውጭ ሰዎች ልጆቻቸውን እያመጡ ያስጋልባሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በክሪ በአማርኛ «የፈረስ እርባታ» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ዶሮ ያለውም አረባለሁ ይላል። እኔ ግን ልዩነቱን አውቃለሁ። በፈረንሳይኛ «ኤልቫዥ»፣ ማለትም እንስሳ ማርባት፣ ብዬ ስጽፍ ጋጣው እርሻ ተብሎ እንደሚያልፍ ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው የጻፍኩት።

ሰኞ

በጠዋት አምቡሊ ሄድኩ። ያየሁት፦ ስድስት ወንድ ፈረስ፣ አንድም ባዝራ የለም። የቆርቆሮ ጥላ። የተደረደረ ኮርቻ። በቱቦ የሚታጠቡ ሁለት ፈረሶች። ድሮ ቲማቲም የነበረበት መሬት በኮቴ ተረግጦ ሲሚንቶ መስሏል።

አጥሩን ተሻግሮ የዓሚ ሳልሕ አትክልት ነው። «ዓሚ» የምንላቸው በአረብኛ «አጎቴ» ለማለት ነው፣ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እዚሁ ሽንኩርትና ሐብሐብ ሲተክሉ ነው የጨረሱት። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል።

«ፈረሱን አልጠላሁትም ልጄ» አሉኝ። «ፋንድያው ለአፈሩ ጥሩ ነበር። ውሃው ነው እንጂ።» ከጉድጓዳቸው በኩባያ ቀድተው ሰጡኝ። ጨው ጨው ይላል። የበክሪ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ከሥር የባሕሩ ውሃ ይመጣል አሉ። ማመልከቻውን ማን እንደጻፈው አያውቁም። ለመምጣቴ አመሰገኑኝ፤ አፈርኩ።

ማክሰኞ

በክሪ መላ አገኘሁ ብሎ መጣ። የሚያውቀው ሰው አህያ ወልዳለታለች፤ ውርንጭላዋን ለሐሙስ ተውሶ ከፈረሶቹ መሃል ሊያቆማት ነው።

«የአህያ እኮ ናት» አልኩት።

«ውርንጭላ ውርንጭላ ነው። አንቺ ብቻ አሳምረሽ አስተርጉሚ።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ፈረስ ለሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባታችን ድሬዳዋ ጋሪ ነጂ ነበር። ሲሞት በክሪ ሰባተኛ ክፍልን አቋርጦ ልጓሙን ያዘ፣ እየከፈለ እኔን ፈረንሳይኛ አስተማረኝ። የማውቃት እያንዳንዷ ቃል በዚያ ጋሪ የመጣች ናት። አንድ ቀን እንኳ ይህን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ሥራ እምቢ አለኝ። በአንዲት ሴት የልደት ወረቀት ላይ እናቷን በአባት ቦታ ጻፍኳት። ደግነቱ ራሷ አይታ ሳቀች።

እውነቱን ብናገር፣ ወንድሜ ጋጣውን ያጣል። ብዋሽ፣ ዓሚ ሳልሕ ጉድጓዱን ያጣሉ። ዝም ብል፣ አስተርጓሚ ዝም ማለት አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ለበክሪ ውርንጭላዋ እንዳትመጣ ነገርኩት። «እሺ» አለ። ይህችም ድል ከሆነች። ስለ ነገ ምን እንደምል ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሐሙስ

ሁለት ሆነው መጡ፣ አንዲት ወጣት ሴትና መሬቱን የሚለካ ሰው። ሴትየዋ በፈረንሳይኛ «እዚህ ስንት ተወልደዋል?» አለች። ለበክሪ አስተረጎምኩለት። የፈረሱን አንገት እያሻሸ፣ ሳያየኝ፣

«አንቺ ታውቂያለሽ። የመሰለሽን በይ» አለኝ።

ሴትየዋ አማርኛ አታውቅም። ምንም ብል ያልፍ ነበር።

«አንድም» አልኳት።

«ታዲያ ኤልቫዥ ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። የትርጉም ስህተት ነው።»

ጻፈችው። ስህተት አልነበረም። ወንድሜን አሳልፌ ሰጥቼ ራሴን ሸፈንኩ። ፈረሶቹ በሦስት ወር እንዲወጡ ተወሰነ።

ዓሚ ሳልሕ በአጥሩ በኩል ቆመው ውሃው ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ። ሴትየዋ እንደማታውቅ፣ ዓመታት ሊፈጅ እንደሚችል ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ዞረው እኔን አመሰገኑኝ፤ እውነት ተናግራለች ብለው። ያን አልቻልኩትም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አጥሩ ጋ ሄጄ፣ ቃሉን የጻፍኩት አውቄ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ሂጂ ልጄ፣ ፀሐዩ ከረረ» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

በክሪ ቤት አደረሰኝና ሄደ።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ በክሪ ቤቴ መጣ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀት አምጪ አለኝ፤ ፈረሶቹን ሊሸጥ ነው፣ ማስታወቂያው በፈረንሳይኛ ይጻፍ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንዳሉ።»

አንድ በአንድ ነገረኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ጠባይ። ግራ ዓይኑ የደከመውንም፣ መኪና የሚፈራውንም አልደበቀም። ለልጅ ገራም የሆነ፣ ለልጅ የማይሆን። አምስቱን ጻፍኩ። ስድስተኛው ከሁሉ ሽማግሌ ነው፤ ከድሬዳዋ ይዞት የመጣው። ስሙን ነገረኝና ዕድሜውን ስጠይቀው ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ።

በመስኮት ጀርባው ይታየኛል። አልጠራሁትም። እስኪመለስ ይህን እጽፋለሁ።